ተዘዋዋሪ ኤግዚቢሽን ሆኜ ዳባት የሄድኩ ዕለት

እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ገና አርባ ሦስተኛ ዓመቴን ነው የያዝኩት፤ ፀጉሬም ቢሆን የሸበተው ከጆሮዬ በላይ ያለችው መዳፍ የማታህል ቦታ ብቻ ናት። ግን ታናሽ ወንድሜ ማንደፍሮ ሚስት ሊያገባ ተነሣና ሦስተኛ ሽማግሌ ቸገረው። «አንተ መምህር ነህ፤ መምህር ደግሞ ሳያረጅ ይሸመግላል» ብሎ ሸነገለኝ። እኔ ሌላ ነገር ቢነግሩኝ አልሰማም፣ ሽንገላ ሲሆን ግን ጆሮዬ ቶሎ ይሰማል። እሺ አልኩት።

ማንደፍሮ የወደዳት ልጅ ሰላም ትባላለች፤ ዳባት የሚኖሩት የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት። መሪጌታ ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ቃል የሚመዝኑ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስንሄድ «እናስብበት» አሉን። ሁለተኛ ስንሄድ «ዘመድ እናማክር» አሉን። በሦስተኛው ግን ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ሰጡን። «እሑድ በሰባት ሰዓት ሦስታችሁም ተሟልታችሁ ኑ፤ መልሴን እነግራችኋለሁ። አንድ ሰው ከጎደለ ነገሩን እንደናቃችሁት እቆጥረዋለሁ። ሰኞ ሌሎች ሽማግሌዎች ይመጡብኛል» አሉ። ማንደፍሮ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል መብላት ተወ። ተራራ ለተራራ ቱሪስት እየመራ የሚውል ጎረምሳ፣ ከቤታችን ደጃፍ እስከ አጥሩ ድረስ መሄድ አቃተው። ልጁን ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አደራ የተሸከመ ሰው ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር የተቀጣጠርነው ደባርቅ መናኸሪያ በር ላይ፣ በአምስት ሰዓት ነበር። እኔ ግን የተዋስኩትን ጋቢ ለብሼ፣ የተዋስኩትን ከዘራ ይዤ በአራት ሰዓት ደረስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት እስከዚያ ቀን ድረስ የዘገየ ሰው መጽናኛ ይመስለኝ ነበር።

ከመናኸሪያው ማዶ የድሮው እሳት አደጋ ጣቢያ አለ። አሁን ሙዚየም ሆኗል። እሳት አጥፊዎቹ ወደ አዲስ ሕንጻ ሲዛወሩ አሮጌው ቀይ መኪና አልነሣም ብሎ ቀረ፤ መኪናው ስለቀረ ቤቱም ቀረ፤ ቤቱ ስለቀረ ሙዚየም ተባለ። ልብ በሉልኝ፣ በእኛ ዘንድ አንድ ዕቃ ከብልሽት ወደ ቅርስነት የሚሸጋገረው ጠጋኝ ሲጠፋለት ነው። ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ የተበሳ ቱቦ በመስታወት ውስጥ ተኝቷል። አጠገቡ «ታሪካዊ ባልዲ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ባልዲ ተቀምጧል። አማቴ ቤት ያለው ባልዲ ከእሱ በዕድሜ ይበልጣል፤ ግን የሚለጥፍለት ስላጣ እስከ ዛሬ ውሃ እየቀዳ ይኖራል።

በሩ ላይ ጋሼ አለባቸው ተቀምጠዋል። ጋሼ አለባቸው የጉልምስና ዘመናቸውን በሙሉ በዚያ ጣቢያ እሳት ሲያጠፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጣቢያው ሙዚየም ሲሆን ለመኪናው የገመድ አጥር፣ ለእሳቸው የጥበቃ ወንበር ተሰጣቸው። ይህን በእኔ ዕድሜ ያለ የደባርቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ማወቅና ማሰብ ግን ለየቅል ናቸው። «እንደምን አደሩ» ብያቸው መልሳቸውን ሳልሰማ ገባሁ።

መስታወትም ገመድም ያልተደረገለት አንድ ቅርስ ብቻ ነበር፤ እሱም በእንጨት ላይ የተደፋ የናስ የራስ ቁር ነው። ፊት ለፊቱ «አይንኩ» ተብሎ ተጽፏል። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያነብ ለሌላው የተጻፈ ይመስለዋል። ቁሩን ደፍቼ አንድ ፎቶ ላንሣና ለማንደፍሮ «ወንድምህ ለዘመቻ ተሰናድቷል» ብዬ ልላክለት፣ ትንሽ ልቡን ላሳርፍለት ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ ደግ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጭንቅላቴ መናገር አለብኝ። በቤተሰባችን ውስጥ በትልቅነቱ የታወቀ ጭንቅላት ነው። እናቴ በልጅነቴ «ዕውቀት የሚገባበት ሰፊ ቦታ ነው» ትል ነበር። ቦታው እስካሁን አለ። ቁሩ ግንባሬ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ፎቶው ላይ ሲታይ የሕፃን ቆብ የደፋሁ አስመሰለኝ። ወደ ታች ጫን አደረግሁት። ቀጭ አለ። ፎቶው አምሮ ወጣ። ከዚያ ላወልቀው ወደ ላይ ስስበው እኔን ይዞ ለመነሣት ካልሆነ በቀር ትቶኝ ሊነሣ አልፈቀደም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቆሞ፣ ተረጋግቶ፣ ፈገግ ብሎ ስላጠለቀ ሰው ግን ተረቱ ያለው ነገር የለም።

ጋሼ አለባቸው ትንፋሼን ሰምተው ገቡ። ምንም ሳይደነግጡ እጃቸውን ዘረጉና «መምህር፣ እስቲ ዞር ይበሉልኝ» አሉ።

«ተዉ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳይነኩት» አልኳቸው። «ነገ ተጠያቂ ይሆናሉ። የሚመለከተው ባለሙያ ይጠራ።»

ለሰው በማሰቤ ትንሽ ኮራሁ። እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡና ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

የሚመለከተው ባለሙያ ሀብታሙ ሆኖ ተገኘ። ሀብታሙ ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኗል። ዙሪያዬን ሁለት ጊዜ ዞረኝ።

«ቲቸር፣ ቅርስ በእጅ አይነካም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

አስተምሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ በቃል አስደግሜያለሁ። ያኔ ሀብታሙ ከክፍሉ መጨረሻ ነበር፤ ካስተማርኩት ሁሉ አንዲቷን ብቻ ይዞ ኖሮ ዛሬ መለሰልኝ።

«በሳሙና እንሞክረው» አልኩት።

«ሳሙና አይፈቀድም፤ ለኮንሰርቬሽን ጥሩ አይደለም።»

«ቅቤስ?»

«ቅቤማ ናሱን ያበላሸዋል።»

«የእኔስ ጭንቅላት አይበላሽም?»

«ቲቸር፣ ጭንቅላትዎ እኮ አልተመዘገበም።»

ጋሼ አለባቸው ከበስተኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ ምለው…» ብለው ጀመሩ። ሀብታሙ «ጋሼ፣ እርስዎ በሩን ይጠብቁልን፤ እኛ ፕሮሲጀሩን እያየን ነው» አላቸው። በሩን ሊጠብቁ ሄዱ።

በዚህ መሐል ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔን ፍለጋ ገቡ። አንደኛው አያ ዘገየ ናቸው፤ የአባታችን ጓደኛ፣ የሽምግልናው አፈ ጉባኤ። ሁለተኛው የነፍስ አባታችን ቄስ አድማሱ ናቸው። አያ ዘገየ ከዘራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሄልሜት ነው፣ አያ።»

«ማን አለበሰህ?»

ጊዜ ስላልነበረ ነቀፌታውን ለመንገድ አቆይተው ወደ ሥራ ገቡ። አያ ዘገየ ቁሩን ይዘው ወደ ላይ፣ ቄስ አድማሱ ወገቤን ይዘው ወደ ታች ሳቡኝ። ከመናኸሪያው የተጠራቀመው ሕዝብ በመስኮት ምክር ይሰጣል፤ አንዱ «አዙሩት» ይላል፣ ሌላው «ጆሮውን እጠፉለት» ይላል፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ «ፀጉሩን ከሥር በምላጭ ብናነሣው» ብሎ ምላጩን ሊያመጣ ሮጠ። አንገቴ የረዘመ ይመስለኛል፤ ቁሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ቄስ አድማሱ በለሆሳስ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ሲጀምሩ ፍትሐቴ የተጀመረ መሰለኝና በቃ ተዉኝ አልኳቸው። ጋሼ አለባቸው ከበሩ ላይ ሆነው «አንዴ እኔን…» ሲሉ ሰማኋቸው። አያ ዘገየ ዘወር ብለው «አንተ ሰውዬ፣ ሕዝቡን ከልክልልን» አሏቸው። ሕዝቡን ከለከሉ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። «በቃ ከነቁሩ እንሂድ» አሉ አያ ዘገየ።

ሀብታሙ በሩ ላይ ቆመ። «ቅርሱ ከግቢ አይወጣም።»

«እኔስ?»

«እርስዎ መውጣት ይችላሉ።»

ቀልድ አልነበረም፤ ልጁ ከልቡ ነው። ከዚህ በኋላ የተማረ ሰው ክርክር አልቀረልኝም። «ሀብታሙ፣ ዛሬ ካልሄድኩ ወንድሜ ልጅቷን ያጣል» አልኩት። ሀብታሙም ማንደፍሮን ያውቀዋል። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና «ተዘዋዋሪ ኤግዚቢሽን» የሚል ቅጽ አወጣ። የቅርሱ ዓይነት፦ የራስ ቁር። መድረሻ፦ ዳባት። ዓላማ፦ የባህል ልውውጥ። «የቅርሱ ማስቀመጫ» በሚለው ቦታ ላይ የእኔን ስም ከነአባቴ ከነአያቴ አድርጎ ሞላ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስተምር አንድም ቅጽ ላይ እንዲህ በትክክለኛ ሥራዬ ተመዝግቤ አላውቅም። ቅርስ ያለ ጥበቃ አይንቀሳቀስምና ጋሼ አለባቸው አብረውኝ እንዲሄዱ ታዘዘ።

ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ፊቱን አጨፈገገ። «ወንድሜ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። በእኔ እምነት ከሌለህ ሌላ መኪና ጠብቅ» አለ። አስረድቼ ሳልጨርስ ከጎኔ የተቀመጠች፣ የሽንኩርት ጆንያ በእግሯ መሐል ያደረገች ሴት ክንዴን ያዘችኝ። «ከእሳት አደጋ ነህ? ዳባት ምን ተቃጠለ?» አለችኝ። ምንም አልተቃጠለም አልኳት። እንዲህ ያለውን መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን ብቻ እንደሆነ ታውቅ ኖሯል፤ ወዲያው ስልኳን አወጣችና ልጇ ጋ ደወለች። «እሳት አጥፊዎች ወደ እናንተ እየመጡ ነው፤ አለቃቸው አጠገቤ ነው፤ ሊነግረን አልፈለገም። ውሃ ቅጂ» አለቻት። የጥቅምት ነፋስ በመስኮቱ እየገባ ናሱን እንደ በረዶ አቀዝቅዞት ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ሴትዮዋ ይህንንም ለልጇ «እሱ ራሱ ፈርቷል» ብላ ተረጎመችላት።

ዳባት ስንወርድ ሕዝቡ ተሰልፎ ጠበቀን። የባሕር ዛፍ ቅጠል የያዘ አለ፤ ጀሪካን የተሸከመ አለ፤ አካፋ የያዘ አለ። ለአገሬ ሰው እሳት ተነሣ በሉት እንጂ ማን ቤት ብሎ ለመጠየቅ እንኳን አይቆምም። እኛ መሪጌታ ቤት ለመድረስ ስንፈጥን እነሱም ፈጠኑ፤ እኛ ስንሮጥ እነሱ አለፉን። የመሪጌታ ግቢ ስንደርስ ከማድ ቤቱ ጭስ ይወጣ ነበር። ምግብ የሚሠራበት ማድ ቤት ጭስ ማውጣቱ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ያን የሚያስብ ማን ነበር። ጀሪካኑ ሁሉ አንድ ላይ ወረደ።

በማድ ቤቱ ውስጥ የነበረው ድግስ ነው። ለእኛ የተሠራ የዶሮ ወጥ፣ የጠላ ጋን፣ ሁሉም። ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። መልሱ እምቢ ቢሆን ኖሮ ዶሮ አይታረድም ነበር። መሪጌታ ልጃቸውን ሊሰጡን ወስነው፣ ምድጃ አንድደው ይጠብቁን ኖሯል። እኔ እሳት አጥፊ መስዬ መጥቼ የወንድሜን ሰርግ ከነምድጃው አጠፋሁት። ሴቶቹ አመድና ውሃ እየተንጠባጠቡ ወጡ፤ ከመሐላቸው ሰላምን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ በዚያ ቁር ግን እንኳን መሬት በር አላሳለፈኝም።

ሁከቱን የበተኑት ጋሼ አለባቸው ናቸው። ሳይጮኹ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው «እሳት የለም። ባልዲ መሬት። ሁሉም ወደ ኋላ» አሉ። ሕዝቡ ባልዲውን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሄደ። እንዴት እንደታዘዘላቸው ያኔ አላስተዋልኩም፤ የራሴን ሐፍረት በመቁጠር ላይ ነበርኩ።

መሪጌታ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው በረንዳው ላይ ቆመው ሁሉን አይተዋል። ወደ ውስጥ አስገቡን። እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን፣ ከዘራችንን ተደግፈን፣ ሦስት ሆነን ቆምን። አያ ዘገየና እኔ ባርኔጣ ብናወልቅ ደንብ ነው፤ አያ ዘገየ አወለቁ።

«መምህር፣ በእኔ ቤት ተሸፍኖ የሚቆም ካህን ነው» አሉ መሪጌታ በእርጋታ። «እርስዎ የተሾሙት በምን ማዕርግ ነው?»

አያ ዘገየ ቀደሙኝ። «ስዕለት አለበት፣ መሪጌታ። እስኪፈጸም አያወልቀውም።»

«ለየትኛው ታቦት?»

አያ ዘገየ ወደ ቄስ አድማሱ አዩ። ቄስ አድማሱ ወደ ጣሪያው አዩ።

«ለቅዱስ ገብርኤል» አሉ አያ ዘገየ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ስላወጣ።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበሱ። «መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ሲያወጣ እንዲህ ያለ ቆብ አልብሷቸው ነበር? እኔ ባነበብኩት ውስጥ የለም። ቄስ አድማሱ፣ እርስዎ ባነበቡት አለ?»

«እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም» አሉ ቄስ አድማሱ።

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ፎቶውን፣ «አይንኩ» የሚለውን ጽሑፍ፣ የጭንቅላቴን ስፋት፣ ቅጹን፣ ሚኒባሱን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወንድሜ ምንም አያውቅም። እህል አይበላም፤ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ መልሳችሁን እየጠበቀ ነው» አልኩ። ላቤ ከቁሩ ሥር እየወረደ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ላብ ብቻም አልነበረም።

«ለማውለቅ እነማን ሞከሩ?» አሉ መሪጌታ።

ቆጠርኩላቸው። ኃላፊው፣ አያ ዘገየ፣ ቄስ አድማሱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ።

«በር ላይ የቆሙት እኒያስ?»

«እሳቸው ጥበቃ ናቸው» አልኩ።

መሪጌታ ከመቀመጫቸው ተነሡና ወደ በሩ ሄዱ። «ወንድሜ፣ ይግቡ። እርስዎ ምን ይላሉ?» አሏቸው።

ጋሼ አለባቸው ገቡ። ከኋላዬ ቆሙ። አንድ ጣታቸውን ከማጅራቴ በላይ ባለው የቁሩ የውስጥ ቆዳ ሥር ሰደዱና ተጫኑ። ቀጭ አለ። ቁሩ እንደ ባርኔጣ ተነሣ። ከሥሩ ጭንቅላቴ ጭስ ያወጣ ነበር።

«ጣሪያ ሲደረመስ እንዳይወልቅ ተብሎ የተሠራ መቆለፊያ አለው» አሉ፣ ቁሩን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ። «የለበሰው ሰው ለራሱ አይደርስበትም። ከኋላው ያለው ነው የሚከፍትለት። ይኼ የእኔ ነበር።»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ምነው ዝም አሉ?» አሏቸው መሪጌታ።

«ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። አትንካ አሉኝ፣ በር ጠብቅ አሉኝ፣ ሕዝብ ከልክል አሉኝ። የታዘዝኩትን አደረግሁ።» ትንሽ አሰቡና «ዝም አይነቅዝም» ብለው ጨመሩ።

መሪጌታ ወደ እኛ ዞሩ። ፈገግታ ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«ልጄን ልሰጣችሁ ቆርጬ ነበር። ድግሱን አይታችኋል። አሁን ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ አንዳችሁም አልጠየቃችሁትም። ልጄም የምታውቅ ልጅ ናት። ነገ ከእናንተ ቤት ገብታ አፏን ስትከፍት በር ጠብቂ እንዳትሏት እፈራለሁ። ስለዚህ ዋስ እፈልጋለሁ፤ ሲከፋት የምትነግረው፣ እናንተን ጠርቶ የሚገሥጽ። ዋሷ እኒህ ሰው ይሁኑ። እሺ ካሉ ሰጥቻለሁ። እምቢ ካሉ በሰላም ሂዱ።»

እንግዲህ የወንድሜ ዕድል በሙዚየሙ ጥበቃ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። ጠዋት «አንተ ሰውዬ» ያሏቸው አያ ዘገየ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉ። ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን አወጡ። እኔም በነጻው ጭንቅላቴ ጎንበስ አልኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ተሰልፈን ጋሼ አለባቸውን ለመንን።

እሳቸው አልቸኮሉም። «ልጅቷ ትጠራና ልስማት» አሉ። ሰላም እጇ እስከ ክርኗ አመድ ሆኖ ገባች። ጋሼ አለባቸው መቀመጫ ሰጧትና «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

ሰላም ወደ አባቷ አየች፣ ወደ እኛ አየች፣ መልሳ ወደ እሳቸው አየች። «እኔ ማንደፍሮን እፈልገዋለሁ፣ አባባ። የሚሰማኝ ዋስ ካለ ደግሞ ይበልጥ እፈልገዋለሁ» አለች።

«እንግዲያስ ዋስ ነኝ» አሉ ጋሼ አለባቸው። ሴቶቹ በረንዳው ላይ እልል አሉ።

እኔ ወደ አጥሩ ወጥቼ ለማንደፍሮ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣው። «ሰጥተውሃል» አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም አለቀስኩ፤ ማንም ስለማያየኝ ደህና አድርጌ አለቀስኩ። ከቆየ በኋላ አፍንጫውን ጠረገና «ማን አሳመናቸው? አንተ ነህ አይደል?» አለኝ።

አዎን የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። «ጋሼ አለባቸው ናቸው» አልኩት።

ወንድሜ በዚያ ሙዚየም በር ቱሪስት ይዞ ሲገባና ሲወጣ ስንት ዓመቱ ነው። ትንሽ አሰበና «ጋሼ አለባቸው ማን ናቸው?» አለኝ።